«የስፌት መኪና» ወይስ «የስፌት ማሽን»?

ጥያቄ፦ ሳሊተ ምሕረት አካባቢ ልብስ ሰፊ ነኝ። ደንበኞቼ አንዳንዱ «የስፌት መኪና»፣ አንዳንዱ «ማሽን» ይላሉ። ማስታወቂያ ላጽፍ ነውና የቱ ትክክል ነው? ሲበዛስ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ምንጫቸውም አንድ ነው። ላቲን «ማኪና» የሚለውን ስም ከግሪክ ወሰደ፤ «መካኒክ»ም የዚያው ዘር ነው። ጣሊያንኛና ስፓኒሽ «ክ»ን ሲጠብቁ፣ ፈረንሳይኛ በ«ሽ» ይጠራዋል፤ እንግሊዝኛም «ማሽን»ን ያገኘው ከዚያ ነው። የእኛ «መኪና» የመጣው ከጣሊያንኛ ነው። እዚያም ቃሉ ለማንኛውም ማሽን፣ ለአውቶሞቢልም ያገለግላል።

ጣሊያኖች ሲያበዙት «ማኪኔ» ይላሉ፤ በአማርኛ ግን «መኪናዎች»ም «መኪኖች»ም ያስኬዳሉ። ለማስታወቂያዎ አንዱን መርጠው በዚያው ይጽኑ።