አናቶሚን እንዴት እናጥና?

ጤና ኮሌጅ የገቡ ልጆቻችንን ገና ከጅምሩ ከሚፈትኗቸው ትምህርቶች አንዱ አናቶሚ ነው። የአዋቂ ሰው አጥንት ብቻውን 206 ነው፤ ጡንቻው፣ ነርቩና የደም ሥሩ ሲታከልበት ለፈተና ዋዜማ የሚተው ጉዳይ አይደለም። ለየቲም ተማሪ ደግሞ አንድ ዓመት መድገም የእናቱን ሸክም በአንድ ዓመት ማራዘም ነው።

ስናስጠና ደጋግመን ያየነው ስሕተት ማስታወሻን አንብቦ፣ አስምሮ እንደገና ማንበብ ነው። ገጹ ዓይን ስለለመደው ብቻ የታወቀ ይመስላል። ይልቁንስ መጽሐፉ ይዘጋ፤ ተማሪው የእጅ አንጓን 8 አጥንቶች ከነአቀማመጣቸው በባዶ ወረቀት ይሣል፣ ከዚያም ገልጦ የሳተውን ያርም። በማግስቱ፣ ከ3 ቀን በኋላ፣ ከሳምንትም በኋላ ይድገመው። ቁርኣን የሚሐፍዝ ልጅ ይህ መንገድ እንግዳ አይሆንበትም፤ የትናንቱን ሳያሰማ ወደ ዛሬው አያልፍምና።

ስሞቹም ትርጉም አላቸው፦ «ቢሴፕስ» ባለ ሁለት ራስ ማለት ነው፤ የጡንቻው መነሻም ሁለት ነው። ሞዴል ያላገኘ ተማሪ የራሱን ክንድ ይዳስስ። ክርን ሲመታ እጅን የሚነዝረው ኡልናር ነርቭ የሚያልፍበት ቦታ ከሥዕል ይልቅ በጣት ይገኛል።

ወላጆችና አሳዳጊዎች ትምህርቱን ባታውቁትም ማታ ማታ «እስቲ አስረዳኝ» ማለት ትችላላችሁ። ልጁ የተደናቀፈበት ቦታ ያልያዘው ነውና ነገ ከዚያው ይጀምር።