ሠራተኛ ስንመርጥ ምን እንጠይቅ?

በአንድ የገጠር ወረዳ የሚከናወን የንጹሕ ውኃ ፕሮጀክት ብዙውን ጊዜ የጥቂት ዓመታት ዕድሜ ብቻ ነው ያለው። ለዚህ አጭር ጊዜ የሚቀጠረው ባለሙያ ለሥራው ሳይመጥን ቢቀር፣ ጉዳቱ በከንቱ በተከፈለ ደመወዝ አያበቃም። የውኃ ኮሚቴው ሳይጠናከር፣ የጥገና መዋጮው ሳይሰበሰብ ፕሮጀክቱ ይዘጋል፤ ቧንቧው በተበላሸ ጊዜም እናቶች እንስራቸውን አዝለው ወደ ወንዝ ይመለሳሉ። ስለዚህ በቃለ መጠይቅ የምናሳልፈው ሰዓት ብርቱ ዝግጅት ይገባዋል።

በየመሥሪያ ቤቱ የተለመዱት ጥያቄዎች "ጠንካራና ደካማ ጎንዎ ምንድን ነው?"፣ "በሥራ ጫና ውስጥ መሥራት ይችላሉ?" የሚሉት ናቸው። ለሁለተኛው "አልችልም" ብሎ የሚመልስ አመልካች አይገኝም። እነዚህ ጥያቄዎች ከሥራ ችሎታ ይልቅ የአነጋገር ችሎታን ይመዝናሉ። በባህላችን ራስን ማወደስ እንደ ነውር ስለሚቆጠር፣ በጨዋነት ያደገው አመልካች በአጭሩ መልሶ ሲወድቅ አፈ ጮሌው ያልፋል። ይህ እንዳይሆን አምስት ነጥቦችን እናስተውል።

አንደኛ፣ ጥያቄው ከሥራ ዝርዝሩ ይውጣ። ለሥራው ዋና የሆኑትን አራት ወይም አምስት ችሎታዎች ለይተን ለእያንዳንዱ ጥያቄ እናዘጋጅ። ከአርሶ አደሩ ጋር በአካባቢው ቋንቋ የሚሠራውን ባለሙያ በእንግሊዝኛ ብቻ መጠየቅ ሌላ ችሎታ መፈተን ነው።

ሁለተኛ፣ ከአስተያየት ይልቅ የተሠራውን ሥራ እንጠይቅ። "ኅብረተሰቡን እንዴት ያሳትፋሉ?" ከማለት "መዋጮ አንከፍልም ያለ መንደር ገጥሞዎት ያውቃል? በመጀመሪያ ማንን አነጋገሩ? ፍጻሜውስ ምን ሆነ?" ማለት ይሻላል። ልምድ ለሌለው ጀማሪ ከሥራው የተወሰደ ሁኔታ እናቅርብ። ለመጋዘን ሥራ ለምሳሌ፣ "በቢን ካርዱ 50 ከረጢት ሲሚንቶ ተመዝግቦ በቆጠራ 47 ቢገኝ በዚያው ዕለት ምን ያደርጋሉ?" ሊባል ይችላል።

ሦስተኛ፣ መልሱን እንከታተል። ብዙ አመልካቾች በትሕትና "እንዲህ አደረግን" ይላሉ። "ከዚህ ውስጥ የእርስዎ ድርሻ የትኛው ነበር?" ብለን በአክብሮት ብንጠይቅ፣ የሠራውን ሰው ሥራውን አጠገብ ሆኖ ካየው እንለያለን።

አራተኛ፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ በአንድ ቅደም ተከተል እናቅርብ። ሽሚት እና ሀንተር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1998 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት፣ በዚህ መንገድ የተዋቀረ ቃለ መጠይቅ የወደፊት የሥራ ውጤትን በመተንበይ ካልተዋቀረው እንደሚበልጥ አሳይተዋል። እያንዳንዱ የኮሚቴ አባል ውይይት ከመጀመሩ በፊት ነጥቡን ለብቻው ይጻፍ፤ ሰብሳቢው አስቀድሞ ከተናገረ ሌሎቹ እርሱን አክብረው ይስማማሉና። "የእገሌ ልጅ ነው" የሚል አደራ ቢመጣም በጽሑፍ የሰፈረ ነጥብ ለአመልካቹም ለኮሚቴውም መከታ ይሆናል።

አምስተኛ፣ ሥራውን የማይመለከተውን እንተው። ሴት አመልካችን "መቼ ለማግባት አስበሻል? ልጅስ?" ብሎ መጠየቅ ስለ ችሎታዋ የሚነግረን ነገር የለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 14 በብሔር፣ በጾታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከትና በአካል ጉዳት ምክንያት ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። ቦታው ተደጋጋሚ የመስክ ጉዞ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ሁኔታውን ገልጾ ወንዱንም ሴቷንም "ይህን ለመፈጸም ይችላሉ?" ማለት ይበቃል።

ይህም ሁሉ ሆኖ ቃለ መጠይቅ የሰውን ሁለንተና አይገልጥም። በዚሁ አዋጅ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። በቃለ መጠይቁ የተመዘኑትን ችሎታዎች በእነዚህ ቀናት በሥራ ላይ እንመልከት፤ የጎደለውንም ጊዜው ሳያልፍ ለሠራተኛው በግልጽ እንንገረው። ያልተመረጡትም ቢሆኑ ከሩቅ ወረዳ የትራንስፖርት ገንዘብ ተበድረው የመጡ ሊሆኑ ይችላሉና፣ ውጤታቸውን በወቅቱ ማሳወቅ የመሥሪያ ቤቱ ግዴታ ነው።