ሕመሙ ሲሰነብት፦ ተማሪው ትምህርቱን ይቀጥል ወይስ ያቁም?

በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መገኘቱ የተገለጸው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ተወሰነ፤ በየደረጃው የተከፈቱትም በ2013 የትምህርት ዘመን ነበር። በዚያን ጊዜ ጥያቄው የሁሉም ተማሪ ነበር፤ መልሱም ከመንግሥት ይመጣ ነበር። ትምህርት ቤቱ ተከፍቶ ሕመሙ ግን ያለቀቀው ተማሪ ከወላጆቹ ጋር ሆኖ ራሱ መወሰን አለበት። ይህ ጽሑፍ ውሳኔው በምን ላይ ሊመሠረት እንደሚገባ ያብራራል።

አብዛኛው ሰው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያገግማል። ምልክቱ የሚሰነብትበት ግን አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በመስከረም 2014 ዓ.ም. ባወጣው ትርጓሜ መሠረት ድኅረ ኮቪድ የሚባለው ብዙውን ጊዜ ሕመሙ ከጀመረ ከ3 ወር በኋላ የሚታይ፣ ቢያንስ 2 ወር የቆየና በሌላ በሽታ ሊገለጽ የማይችል ሁኔታ ነው። ከምልክቶቹ ዋና ዋናዎቹ ከባድ ድካም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የማስታወስና ሐሳብን የመሰብሰብ ችግር ናቸው። ይህ እንዲደርስ በየካ ኮተቤ ሆስፒታል ወይም በሚሊኒየም አዳራሽ በነበረው የሕክምና ማዕከል ተኝቶ መታከም ግድ አይደለም፤ በቤቱ ሆኖ በቀላሉ ያለፈውንም ሊገጥመው ይችላል።

«በሌላ በሽታ ሊገለጽ የማይችል» የሚለው ሐረግ በአገራችን ልዩ ክብደት አለው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ይፈልጋል፤ ድካሙ ከደም ማነስ፣ የትንፋሽ ማጠሩም ከአስም ሊመጣ ይችላል። እነዚህ ሕክምና አላቸው። ስለዚህ ከማንኛውም ውሳኔ በፊት ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይቀድማል። ሳል ያለበት ተማሪ ነቀርሳ እንደሌለበት እስኪረጋገጥ ድረስ ወደ ክፍል ባይመለስ ይመረጣል። በአንጻሩ ለወራት የቀጠለ ድካም ብቻውን ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም፤ ጓደኞቹ ሊርቁት የሚገባ ምክንያት የለም።

ውሳኔውን የሚያከብደው የድካሙ ጠባይ ነው። ብዙ ታማሚዎች ጉልበት ካወጡ በኋላ የሚብስባቸው በዚያው ሰዓት ሳይሆን በማግስቱ ወይም ከዚያ በኋላ ነው። ቤተሰብ የሚያየው ሰኞ ደኅና ሆኖ ትምህርት ቤት ውሎ የመጣ ልጅ፣ ረቡዕ ከአልጋ መነሣት ሲያቅተው ነው። ትኩሳት የለውም፣ ይበላል፣ ፊቱም ደኅና ነው፤ ስለዚህ «ሰነፈ» ይባላል። ጥናትም የጉልበት ወጪ መሆኑን ብዙዎቻችን እንዘነጋለን፤ የሒሳብ ፈተና እንደ ሩጫ ሊያደክም ይችላል።

ለምሳሌ በቦሌ ሩዋንዳ አካባቢ የምትኖር አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ እናስብ። ጠዋት የታክሲ ሰልፍ አለ፤ ከታክሲ ወርዳ ትሄዳለች፤ ክፍሏም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ከአየሩ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ሳንባው ላልጠና ሰው ደረጃው የዋዛ አይደለም። ይህች ተማሪ የመጀመሪያው ትምህርት ሳይጀመር የቀኑን ጉልበቷን ግማሽ ጨርሳ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ «መማር አቅቷታል» ከማለት በፊት ያቃታት መማሩ ነው ወይስ መንገዱና ደረጃው ብሎ መለየት ይገባል። መንገዱ ከሆነ መፍትሔው ቀላል ነው።

ለዚህም ለሁለት ሳምንት በደብተር መመዝገብ ይረዳል፦ በዕለቱ ምን ተሠራ፣ ለስንት ሰዓት፣ በማግስቱስ ሰውነቱ እንዴት ነበር? በአንድ ጥሩ ቀን ወይም በአንድ መጥፎ ቀን ላይ ተመሥርቶ መወሰን ያሳስታል። ግማሽ ቀን የተማረበት ማግስት ከሌላው ቀን የማይብስ ከሆነ፣ በዚያው መጠን መቀጠልና በየሳምንቱ ጥቂት መጨመር ይቻላል። ከባሰም መጠኑን መቀነስ ነው። «ታግሎ ማለፍ» የሚለው ምክር በዚህ ሕመም ላይ አይሠራም።

ትምህርት ቤቶችም ብዙ ማድረግ ይችላሉ። የተማሪውን ክፍል ወደ ምድር ቤት ማውረድ፣ ከስፖርት ትምህርት ለጊዜው ነፃ ማድረግ፣ ማርፈድን መፍቀድ፣ በፈተና መካከል ዕረፍት መስጠት ወጪ የሌላቸው ናቸው። ወላጆች የሐኪም ማስረጃ ይዘው ርእሰ መምህሩን ያነጋግሩ፤ በቃል የተነገረ ፈቃድ መምህር ሲቀየር ይረሳል።

ግማሽ ቀን እንኳ ከተማረ በኋላ በየሳምንቱ የሚወድቅ ተማሪ ግን ቢያርፍ ይሻላል። በእኔ እምነት እዚህ ላይ የሚያስፈራው የሚያልፈው ዓመት አይደለም። የሚያስፈራው ሳያሳውቁ መቅረት ነው። ስሙ ከመዝገብ ሲጠፋ ወንዱ ወደ ሥራ ይላካል፤ ሴቷ የቤቱን ሥራ ትረከባለች፣ «ዕረፍት» የተባለውም ውኃ መቅዳትና ልብስ ማጠብ ይሆናል። በዚህ ሁኔታ ከሕመሙም አያገግሙም፣ ወደ ትምህርትም አይመለሱም። ስለዚህ ማቆሙ በጽሑፍ ይሁን፤ የሚመለስበት ጊዜም በውስጡ ይጠቀስ። በዩኒቨርሲቲ በተለምዶ ዊዝድሮዋል የሚባለው ሥርዓት በሬጅስትራር በኩል የሚፈጸም ነው፤ የተቋሙን የጊዜ ገደብ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ደግሞ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. እንደተደረገው ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ አድሮ የሚሰጥ ከሆነ፣ ከቤት ርቆ ተከታታይ ቀናት መፈተን መቻሉን ከሐኪሙ ጋር ቀደም ብሎ ይመርምር።

ወደ ስፖርት መመለስ የሚገባው ከሁሉ በኋላ ነው። በእንቅስቃሴ ጊዜ የደረት ሕመም፣ ያልተለመደ የልብ ምት ወይም ራስን መሳት ከታየ፣ እንዲሁም ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ የሚያጥረው ከሆነ፣ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ለተጨማሪ መረጃ በነፃ የስልክ መስመር 8335 ወይም 952 መደወል ይቻላል።