የውሾቻችን መብዛትና መድኃኒቱ

የፎገራ ገበሬ ኮርማን ከበሬ፥ አውራ በግን ከሙክት ለይቶ ያውቃል። ወይፈኑ ለእርሻ እንዲገራ፥ በጉም እንዲሰባ ይኰላሻል። ይህ ከአባቶቻችን የተቀበልነው ሥራ ስለ ሆነ ማንም አይደነቅበትም። ነገር ግን ውሻንና ድመትን ማምከን ያስፈልጋል ቢባል ብዙ ሰው ይሥቃል። እኔ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምፈልገው ነገሩ የሚያሥቅ ሳይሆን የእንስሳንም የሰውንም ሕይወት የሚያድን መሆኑን ነው።

እንደሚታወቀው ለዘበኝነት የሚመረጠው ወንድ ውሻ ነው። ከዚህም የተነሣ ሴቶቹ ቡችሎች ብዙ ጊዜ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ይጣላሉ። በወረታ ከተማ በገበያው ዳርና በመኪናው መንገድ አጠገብ እንዲህ ያሉትን ደጋግሜ አይቻለሁ። ከሞት የተረፉትም ከሥጋ ቤት የሚወድቀውን አጥንትና ቆሻሻ እየለቀሙ ያድጋሉ፤ ጥቂት ቆይተውም እነሱ ራሳቸው ይወልዳሉ።

አሁን እስቲ ሒሳቡን እንመልከት። ውሻ የምታረግዘው 63 ቀን ያህል ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ አምስት አምስት ብትወልድ 10 ቡችሎች ይሆናሉ። ግማሾቹ ሴቶች ሆነው ሁሉም ቢያድጉ በሚከተለው ዓመት ከነእናታቸው 6 ሆነው 60 ይወልዳሉ። በእርግጥ መንገዱ ላይ ይህን ያህል ውሻ አናይም። የቀሩት በረኀብ፥ በበሽታ፥ በመኪናና በጅብ ያለቁት ናቸውና።

ጉዳቱ በውሾቹ ብቻ አይቆምም። በ1884 እ.ኤ.አ. በትግራይ፥ በጎጃም፥ በወሎና ፎገራን በሚጨምረው በበጌምድር የእብድ ውሻ በሽታ ተነሥቶ እንደ ነበረ በታሪክ ተጽፏል። ዛሬም በዓለም ላይ በዓመት 59,000 ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ እንደሚሞቱ ይገመታል፤ ከእነሱም መካከል ብዙ ሕፃናት ይገኛሉ። ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ለማለት ይቻላል። በሽታውን ለማቆም ከውሾቹ ከመቶ 70 ያህሉ መከተብ አለባቸው። ነገር ግን በየጊዜው ያልተከተቡ አዳዲስ ቡችሎች ከተወለዱ ይህ ቁጥር ቶሎ ይወርዳል። ስለዚህ ክትባትና ማምከን እንደ ጥማድ በሬ አብረው መሄድ አለባቸው።

አንዳንድ ሰዎች «መርዝ ይሻላል» ይላሉ። መርዝ ግን ጭካኔ ከመሆኑም በላይ የሞተውን ውሻ የሚበላውን ጥንብ አንሣ ይገድላል። ቆሻሻውም በቦታው እስካለ ድረስ ሌሎች ውሾች መጥተው ይተካሉ። በሌላ በኩል ቡታን የምትባለው የእስያ አገር በ2009 እ.ኤ.አ. ሥራውን ጀምራ፥ ከ150,000 የሚበልጡ ውሾች ካመከነች በኋላ፥ በ2023 የመንገድ ውሾቿን ሁሉ እንዳዳረሰች አስታውቃለች።

ሥራው እንዴት ይፈጸማል? የእንስሳት ሐኪም ማደንዘዣ ከሰጠ በኋላ ከወንዱ ቆለጡን፥ ከሴቷ ደግሞ የእንቁላል ማፍሪያዋንና ማኅፀንዋን ያወጣል፤ ከዚያም ቁስሉን ይሰፋል። ጥቅሙም፦

1ኛ/ ሴቷ ከማኅፀን መመረዝ ትድናለች፤

2ኛ/ በስሪያ የሚተላለፈው የብልት ዕጢ ይቀንሳል፤

3ኛ/ ወንዱ ሴት ፍለጋ መዞሩንና መናከሱን ያበርዳል፤

4ኛ/ የሚጣል ቡችላ አይኖርም።

የተኰላሸ በሬ ጕልበቱ እንደማይጠፋ ሁሉ የመከነ ውሻም ዘበኝነቱን አይተውም። ነገር ግን በሬ በእንጨትና በድንጋይ ይቀጠቀጥ እንደ ነበረው ውሻን ለመቀጥቀጥ ማንም እንዳይሞክር አደራ እላለሁ። ይህ የሐኪም ሥራ ነው።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎች፤ ከእኛ የሚጠበቀው ከባድ አይደለም። የተጣለ ቡችላ ስናገኝ በድንጋይ ከመምታት ይልቅ እናቱ በአቅራቢያው እንዳለች እንፈልግ፤ ከሌለችም እንዳይበርደው እናድርግ፥ ትልቅ ሰውም እንጥራ። ውሻ የነከሰው ልጅ ቢኖር ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥበን ሳንዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ እናድርሰው። በቤታችን ያለውን ውሻ እናስከትብ። ወላጆቻችንም የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ሄደው ስለ ማምከን እንዲጠይቁ እንንገራቸው። የፎገራን ላም በወተቷ የምናመሰግን ሰዎች፥ ሌሊቱን ሙሉ ደጃችንን የሚጠብቀውን ውሻ ልንረሳው አይገባንም።