ፊልም በጨለማ ሲጠመጠም

ዛሬ ብዙ ሰው ፎቶግራፍ የሚያነሣው በእጅ ስልክ ነው። በፊልም የሚሠራ ካሜራ ግን ጨርሶ አልጠፋም። ፊልሙን በቤታቸው የሚያጥቡ ሰዎችም አሉ።

ፊልም ስስና ረጅም ጥብጣብ ነው። የተለመደው ፊልም ስፋቱ 35 ሚሊ ሜትር ነው። 36 ፎቶግራፍ የሚይዘው ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ተኩል ይበልጣል። በአንድ ገጹ ላይ በብርሃን የሚለወጥ የብር ጨው ተቀብቷል። ስለዚህ ያልታጠበ ፊልም ብርሃን ካየ ተበላሸ ማለት ነው። የልጅ ሠርግም ይሁን የሟች አባት መልክ፣ ተመልሶ አይገኝም።

ፊልሙ የሚጠመጠምበት ዕቃ ሪል ይባላል። ሪል ዙሪያውን የሚዞር ቦይ አለው። ሸማኔ ማጉን በቀሰም ላይ ሲጠቀልል ክሩ ቢደራረብ ጉዳት የለውም። ፊልም ግን እንዲህ አይደለም። አንዱ ዙር ሌላውን ከነካ የማጠቢያው መድኃኒት በመካከል አይገባም። ያ ቦታ ሳይታጠብ ይቀራል።

ሥራው እንዲህ ነው፦

1. ሪሉ በደንብ ይደርቃል። እርጥብ የፕላስቲክ ሪል ፊልሙን ይዞ አላስኬድም ይላል።

2. ሪሉ፣ መቀሱ፣ የማጠቢያው ጣሳና ክዳኑ በተራ ይቀመጣሉ። በጨለማ የሚፈልጋቸው እጅ ነውና።

3. የበሩና የመስኮቱ ቀዳዳ ሁሉ ይደፈናል። መብራት ይጠፋል። ቀይ መብራትም አይፈቀድም፤ እሱ ለፎቶግራፍ ወረቀት ነው።

4. የፊልሙ ቆርቆሮ ይከፈታል። የፊልሙ ጫፍ ቀጥ ተደርጎ ይቆረጥና በቦዩ ይገባል። የሪሉ ሁለት ጎኖች ወዲያና ወዲህ ሲዞሩ ፊልሙ እየተሳበ ይገባል። ፊልም የሚያዘው በጠርዙ ብቻ ነው፤ የጣት ላብ ምልክት ይተዋል።

5. ሪሉ በመካከለኛው ቧንቧ ላይ ተሰክቶ ጣሳው ውስጥ ይገባል። ቧንቧው ከተረሳ ብርሃን ሾልኮ ይገባል። ጣሳው በደንብ ሲከደን መብራት ይበራል።

ፊልሙ አልሄድ ቢልስ? መጎተት አይገባም፤ ይታጠፋል። መብራት ማብራትም አይገባም። ፊልሙን ጣሳው ውስጥ ከድኖ፣ እጅን አድርቆና ጥቂት አርፎ እንደገና መጀመር ይሻላል።

ይህን ሥራ የሚማር ሰው በተበላሸ ፊልም ይለማመዳል። መጀመሪያ እያየ፣ ቀጥሎ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በመጨረሻ በጨለማ። ፊደል መጻፍም እንዲሁ ነበር። መጀመሪያ እጃችን ተንቀጠቀጠ፤ በኋላ ራሱ መንገዱን አወቀ።

ጥያቄ
ሀ. ያልታጠበ ፊልም ብርሃን ቢያይ ምን ይሆናል?
ለ. የፊልሙ ዙሮች ለምን መነካካት የለባቸውም?
ሐ. እናንተስ ሳታዩ፣ በእጃችሁ ብቻ የምትሠሩት ሥራ የትኛው ነው?