ደብተሩን ዘግቶ መጠየቅ

ከከሚሴ፣ ከሰንበቴና ከባቲ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገቡ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን በመጀመሪያው ዓመት ከሚጠብቋቸው ትምህርቶች አንዱ ጠቅላላ ሥነ ልቡና ነው። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ለአዲስ ገቢዎች በጋራ ከሚሰጡት ውስጥ የሚቆጠር ሲሆን፣ የዚያ ዓመት ውጤት የሚመደቡበትን የትምህርት ክፍል ስለሚወስን ነገሩ ቀላል አይደለም።

ታዲያ ብዙው ተማሪ ጥራዙን ደጋግሞ ያነባል። አምስት ጊዜ ካነበበው በኋላ የሚያውቀው ይመስለዋል። ዓይን ለመደው ማለት ግን ልቡና ያዘው ማለት አይደለም። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ ተማሪዎች አንዱን ምንባብ ደግመው በማንበብ፣ ሌላውን ወረቀቱን ሳያዩ በመጻፍ እንዲያጠኑ አደረጉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ደግመው ያነበቡት በለጠ፤ ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ካነበቡት 42፣ ሳያዩ ከጻፉት 56 በመቶ ያህል አስታወሱ።

ይህ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። የቆሎ ተማሪ የትናንቱን ቀለም ለየኔታ በቃሉ ሳያሰማ ወደሚቀጥለው አይሻገርም፤ የቁርአን ተማሪዎችም በሉሕ የጻፉትን በቃል ሳይዙ አያጥቡትም።

ዳሩ ግን በቃል መያዝ ብቻውን ለሥነ ልቡና አይበቃም። ፈታኙ ብዙ ጊዜ ትርጓሜውን ትቶ አንድ ጉዳይ ያመጣና «ይህ ምን ይባላል?» ይላል። ጥራዙም በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ቃሉን የተረዳነው መሆኑ የሚታወቀው፣ በኦሮምኛም ሆነ በአማርኛ፣ ቤት በምንነጋገርበት ቋንቋ ምሳሌውን ራሳችን ስንፈጥርለት ነው።

እስቲ ከበረት እንጀምር። ላም ጥጃዋ ሳይጠጋት፣ የማለቢያውን ዕቃ ድምፅ ብቻ ሰምታ ወተቷን ብታወርድ ምን እንለዋለን? ሩሲያዊው ፓቭሎቭ በውሾች ምራቅ ያጠናው ይኸው ነው። የጥጃው መጥባት ተፈጥሯዊ ቀስቃሽ ነው፤ ድምፁ ግን ከጥጃው ጋር ሲደጋገም ላሟ የተማረችው ቀስቃሽ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ብዙውን ሰው ያሰናክላል። እናት ልጇን «ውኃ ቅዳ!» እያለች ትጨቀጭቀዋለች፤ ጀሪካኑን ሲያነሣ ጭቅጭቁ ይቆማል። ከዚያ ወዲህ ልጁ ሳይዘገይ መቅዳት ያዘ። ይህ ቅጣት ነውን? አይደለም፤ አሉታዊ ማጠናከሪያ ነው። «አሉታዊ» ሲባል ክፉ ማለት ይመስላል፤ ስያሜው ራሱ አሳሳች ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። እዚህ ግን በሒሳብ እንደ መቀነስ ምልክት፣ አንድ ነገር ተነሣ ማለት ብቻ ነው። ማጠናከሪያ ደግሞ ድርጊቱን የሚያበዛ ነው። ጭቅጭቁ ተነሣ፤ ውኃ መቅዳቱ በዛ።

ያው ልጅ በኳስ ጨዋታ አምሽቶ ቢመጣና ኳሱ ቢወሰድበት፣ ማምሸቱም ቢቀንስ፣ እዚህም የተነሣ ነገር አለ፤ ነገር ግን ድርጊቱ ስላነሰ ቅጣት እንለዋለን። እንግዲህ ሁለት ነገር እንጠይቅ፦ የተጨመረ ነገር አለ ወይስ የተነሣ? ድርጊቱስ በዛ ወይስ አነሰ? ቁጣውን፣ የእናትየውን ፊት፣ የልጁን ቅሬታ መመልከት አያስፈልግም።

አንድ ጥያቄ ይቀራል፤ ደብተሩ እንደተዘጋ ይሁን። እናትየዋ በሌላ ቀን እንጨት እንዲያመጣላት ስትፈልግ እንደገና መጨቅጨቅ ጀመረች። የእርሷንስ ጭቅጭቅ ያጠናከረው ምንድር ነው? የተጨመረላት ነገር ነው ወይስ የተነሣላት?