በባዶ ሲዲ ላይ የሚገባውን አስቀድሞ ስለ መመጠን

የሽማግሌዎችን ታሪክ በድምፅ የቀረጸ መምህር፥ መቅረጫውን ከመደምሰሱ በፊት ቃላቸውን በሲዲ ያኖራል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚጻፍበት ሲዲ ግን አይፋቅም፤ ተናጋሪውም ካለፈ ቃሉ ሁለተኛ አይገኝም። ስለዚህ አስቀድሞ ማስላት ይገባል።

የ80 ደቂቃ ሲዲ ለእያንዳንዱ ሰከንድ 75 ክፍል አለው፤ በጠቅላላው 360,000 ክፍል ነው። በእያንዳንዱ ክፍል 2,048 ባይት ስለሚጻፍ፥ ቢባዛ 737,280,000 ባይት ይሆናል። ከዚህም ጥቂቱን የፋይሎቹ ስም ዝርዝር ይወስደዋል። ደግሞ ፋይል ምንም ያህል ቢያንስ አንድ ክፍል ለብቻው ይይዛልና፥ ትንንሽ ፋይል የበዛበት ሰው ሰፋ ያለ ቦታ ይተው።

እንግዲህ ድምፁ በኤምፒ3 ሆኖ በሰከንድ 16,000 ባይት ቢፈጅ፥ የ15 ሰዓት ንግግር 864,000,000 ባይት ነው። በአንድ ሲዲ አይገባም፤ ሁለት ያስፈልጋል። በተራ የሙዚቃ ሲዲ አኳኋን ቢቀዳማ አንዱ የሚይዘው 80 ደቂቃ ብቻ ነው።

ዲቪዲ ይሻላል የሚል ቢኖር፥ በላዩ የተጻፈውን 4.7 ጊጋባይት አይቶ እስከ ጫፍ አይሙላ። ፋብሪካው የሚቆጥረው በ1,000 እያባዛ ነው፤ ብዙ ኮምፒዩተር ግን በ1,024 ይቆጥራል። ስለዚህ ያው ዲቪዲ በኮምፒዩተሩ ዘንድ 4.38 ገደማ ሆኖ ይታያል።